ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸውን ሰዎች ከወዳጆቻቸው የሚያርቁ ስህተቶች

በፊዚዮቴራፒስትነት ሥራዬ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ «ሲሻለኝ እሄዳለሁ» የሚለው ነው። ታማሚው መጀመሪያ አንድ ግብዣ ይቀራል፣ ቀጥሎ የዘመድ ጥየቃ ይተዋል፣ ውሎ አድሮም ስልክ ማንሳት ይከብደዋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት፣ አንዴ እየበረታ ሌላ ጊዜ ጋብ እያለ ለዓመታት የሚዘልቅ ሕመም ስለሆነ፣ ፍጹም ጤና እስኪመለስ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የሚጠብቀው ቀን ላይመጣ ይችላል። ወዳጆችም ሦስት አራት ጊዜ «አልችልም» ከተባሉ በኋላ እንዳያስቸግሩት ብለው መጥራታቸውን ያቆማሉ፤ ይህ የሚሆነው በክፋት አይደለም፣ ነገር ግን የተቋረጠውን ለመቀጠል ከሕመሙ የማይተናነስ ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ መቅረትን ሳይሆን ማሳጠርን እመክራለሁ፦ «ለአንድ ሰዓት እመጣለሁ፣ ደገፍ የምልበት ወንበር ይኑር» ማለት ይበቃል። የጠዋቱ የመገጣጠሚያ መገተር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚቆይ፣ ቀጠሮን ወደ ከሰዓት በኋላ መግፋትም ብዙዎችን ረድቷል።

ድካምን መደበቅ ሌላው ስህተት ነው። ያበጠ ጣት ይታያል፤ እንቅልፍ ብቻውን የማያስወግደው የበሽታው ድካም ግን ስለማይታይ፣ ካልተነገረ እንደ ስንፍና ወይም እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል።

ደህና በዋሉበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ መጨረስ ቀጣዮቹን ቀናት ያሳጣል። ፈጽሞ አለመንቀሳቀስም ጡንቻን ያደክማል።

ሜቶትሬክሴት የተባለው የሕመሙ መድኃኒት ያቅለሸልሸኛል ብለው ከዝግጅት በፊት በራሳቸው ፈቃድ የሚያቋርጡ አሉ። ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በመሆኑ፣ ያ ቀን ከሚናፍቁት ቀጠሮ እንዲርቅ ከሐኪም ጋር መመካከር ይቻላል፤ ያለፈውን ለማካካስ ደርቦ መውሰድ ግን አደገኛ ነው።

ቤተሰቦችን የምለምናቸው አንድ ነገር አለ፦ እባካችሁ፣ ሳትጠይቁ የያዙትን ሥራ ከእጃቸው አትቀበሏቸው።

እኔም ተሳስቻለሁ። የአንዲት ታማሚዬ የበሽታ መለኪያ ውጤት ለወራት ዝቅተኛ ስለነበር፣ በመዝገቧ ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ናት» እያልኩ እጽፍ ነበር። የምንጠቀምበት ዳስ 28 የተባለው መለኪያ 28 መገጣጠሚያዎችን ሲቆጥር የእግር ጣቶችን እንደማያካትት አውቃለሁ፤ ሆኖም እግሯን አይቼም ሆነ የት እንደምትውል ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካስ የእግሯ መርገጫ የፊት ክፍል እያመማት መቆም ወደሚያስፈልግበት ስፍራ ሁሉ መሄድ ትታ፣ የእህቷን ልጅ ምርቃት ሳይቀር ከቤት ሆና አሳልፋዋለች። ሰፊና ለስላሳ መርገጫ ያለው ጫማ አግኝታ፣ ሕክምናዋም ዳግም ከታየ በኋላ መውጣት ጀመረች፤ ምርቃቱን ግን ልመልስላት አልችልም። ከዚያ ወዲህ፣ መገጣጠሚያ ከመዳሰሴ በፊት ባለፈው ወር ከማን ጋር እንደተገናኙና የት መሄድ እንደተዉ እጠይቃለሁ።