ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ጉልበቱን የሚያመው ልጅ፦ ስፖርቱን ሳያቋርጥ እንዴት ይሻለዋል?

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁሌም የሚመጣ ጥያቄ አለ። አባት ልጁን ይዞ ይመጣና «መምህር፣ የዚህ ልጅ ጉልበት ወልቆ ይሆን እንዴ? ወጌሻ ጋ ልውሰደው ወይስ ኳሱን ላስተወው?» ይለኛል። ጎንደር ውስጥ ታዳጊዎችን ሳሰለጥን ነው የኖርኩት። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ «ሁለቱንም አያድርጉ» ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። ሴቶች ከ10 እስከ 13፣ ወንዶች ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ ቁመታቸው በአንዴ ይመዘዛል። የጭን የፊት ጡንቻ በጉልበት ሎሚ ላይ አልፎ፣ በወፍራም ጅማት ከቅልጥም አናት ጋር ይያያዛል። ጅማቱ የተያያዘባት ቦታ በልጅነት ገና ልም ናት፣ አጥንቱ አልጠነከረም። ልጁ በሮጠ፣ በዘለለ፣ ኳስ በመታ ቁጥር ጡንቻው ያቺን ቦታ ይጎትታታል። ጉተታው ሲበዛና የማረፊያ ጊዜ ሲያጥር ቦታዋ ትቆጣለች፣ ታብጣለች። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። አሜሪካዊው ሮበርት ኦስጉድና የስዊዘርላንዱ ካርል ሽላተር እ.ኤ.አ. በ1903 ለየብቻቸው ስለ ሕመሙ ስለጻፉ ነው። ብርድ አይደለም፣ ወለምታም አይደለም።

1. የሚያመውን ቦታ በጣት ፈልጉ

ልጁን አስቀምጡትና እግሩን ዘና ያድርግ። «በአንድ ጣት አሳየኝ» በሉት። ጣቱ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ቅልጥሙ በሚጀምርበት ጉብታ ላይ ካረፈና ስትነኩት «እህ!» ካለ ስለዚሁ ሕመም ነው የምናወራው። የሎሚው የታችኛው ጫፍ ላይ ከሆነም ዘመዱ ነው፣ አያያዙ ብዙም አይለያይም። አንድ ቦታ መጠቆም አቅቶት መዳፉን በሙሉ ጉልበቱ ላይ ካሳረፈ፣ ደረጃ ሲወጣና ብዙ ሲቀመጥ የሚብስበት ከሆነ፣ ሕመሙ ከሎሚው ጀርባ ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን ልምምድ በመቀነስ ነው የሚጀመረው።

2. ቤት ውስጥ የማይያዘውን ለዩ

ይህንን እርምጃ እባካችሁ አትዝለሉት። ትኩሳት ካለው፣ ጉልበቱ በሙሉ ካበጠና ከጋለ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው፣ እብጠቱ ከሳምንት ሳምንት ካደገ፣ ከከሳ፣ ወይም ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ወድቆ ወይም ዘሎ ሲያርፍ «ቋ» ብሎ ከዚያ በኋላ መቆም ካቃተውም በዚያው ቀን ይታይ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የዳሌ ችግር ጉልበት ላይ ሊያም ይችላል። ታዳጊው እያነከሰ የሚሄድ ከሆነ፣ እግሩ ወደ ውጭ ከዞረና ጉልበቱን ስትነካኩት ምንም የሚያም ቦታ ካጣችሁ፣ የጭኑ አጥንት ራስ ከቦታው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ይህ ጊዜ የማይሰጥ ነገር ነው። በእግሩ አታስኪዱት፣ በባጃጅም በታክሲም አድርጋችሁ በቀጥታ ሆስፒታል አድርሱትና የዳሌውም ራጅ ይነሳ።

3. የሳምንቱን ጫና ቁጠሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። «ስንት ቀን ትጫወታለህ?» ስትሉት «ሁለት ቀን» ይላችኋል። የፕሮጀክቱን፣ ማለትም የታዳጊ ቡድኑን ልምምድ ብቻ ቆጥሮ ነው። የትምህርት ቤቱን የስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ የእረፍት ሰዓት ኳስ፣ ማታ ማታ የሰፈር ግጥሚያ፣ የእሁድ ጠዋቱን አልቆጠረም። ጎንደር በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የፋሲል ከነማ (የዐፄዎቹ) ከተማ ናት፤ የዐፄዎቹን ማሊያ የመልበስ ሕልም የሌለው ልጅ አይገኝም። ሦስት ቡድን ውስጥ ገብቶ ሦስቱም አሰልጣኞች አንዳቸው ስለሌላው የማያውቁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና ከሰኞ እስከ እሁድ አብራችሁ ጻፉ። የከተማችንን አቀማመጥም አትርሱ። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ይልቅ የጭንን የፊት ጡንቻ ያስጨንቃል። ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እየሮጠ የሚወርድ ልጅ ጉልበቱ ልምምድ ላይ ነው። ታዳጊዎችን የጎሃን ዳገት የሚያስሮጡ አሰልጣኞች መውጫውን ያስሩጡ፣ መውረጃውን ግን በእርምጃ ያድርጉት። በዐቢይ ጾም የሚሰግድ ልጅም አለ፣ በተለይ በስቅለት። መንበርከኩ ያችኑ ያበጠች ጉብታ ድንጋይ ላይ ያስጫናታል። ስግደቱን ተው ማለት አያስፈልግም። ወፍራም ጋቢ ወይም ስፖንጅ ከጉልበቱ ሥር አጣጥፋችሁ አድርጉለት።

ወረቀቱ ሲሞላ መቀነስ ጀምሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ዝላይ ነው፤ ቀጥሎ ሙሉ ፍጥነት ሩጫና ኳስን ደጋግሞ በኃይል መምታት። ቅብብል፣ ኳስ ማንጠባጠብ፣ ሜዳማ ቦታ ላይ ብስክሌት መንዳት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሁለት ከባድ ቀኖች አይከታተሉ፣ በመሃላቸው ቢያንስ አንድ የእረፍት ቀን ይግባ።

መጠኑን የሚነግራችሁ ራሱ ልጁ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጠው። ሲጫወት እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ጫናው ተስማምቶታል። ከ3 ካለፈ፣ ወይም ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ካነከሰ፣ የትናንቱ በዝቷል ማለት ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው የጠዋቱን ነው። ሜዳ ላይ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፣ ከቡድን እንዳይወጣ ይፈራል። ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ግን መደበቅ አይችልም።

ጨርሶ ማስተው ለምን እንደማይሆን ልንገራችሁ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። ሜዳውም ጭቃ ነበርና አልከበደውም፤ ሕመሙም ጠፋ። መስከረም ላይ «ድኛለሁ» ብሎ በቀጥታ ሙሉ ልምምድ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ከበፊቱ የባሰ ታመመ። ባረፈበት ጊዜ ጭኑ ሟሽሿል፣ ቁመቱ ግን ጨምሯል። ደካማ ጡንቻ፣ ረጅም አጥንትና ድንገተኛ ጫና ተገናኙ። መስከረም ላይ ጥያቄው የሚበዛብኝም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

4. ጭኑን አጠንክሩ

በሕመሙ መጀመሪያ ላይ እግርን ወደ ኋላ አጥፎ ተረከዝን ከመቀመጫ ጋር ማጣበቅ አልወድም። ያችኑ የተቆጣች ቦታ ይጎትታታል። ይልቅ ልጁ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፣ ጭኑን አጥብቆ ይወጥር፣ እስከ 10 ቆጥሮ ይልቀቅ። ይህንን 10 ጊዜ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጫውን ወደ ላይ ያንሳ። ይህ ሳያመው ሲቀር ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በከፊል ቁጭ ማለት ይጀምር፣ መጀመሪያ ከፍ ብሎ። የባትና የኋላ ጭን መሳሳብ ከመጀመሪያው ቀን ይቻላል።

5. ለሕመሙ

ቅዝቃዜ ይረዳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ከልምምድ በኋላ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙበት። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣም ያስታግሳል። ማስታገሻ ኪኒን ውጦ ወደ ግጥሚያ መግባትን በጣም እቃወማለሁ፤ ጫናው በዛ የሚለውን ምልክት ያጠፋባችኋል። እዚያ ቦታ ላይ መርፌ ይወጋ የሚላችሁ ካለም እሺ አትበሉ።

ወጌሻን በተመለከተ፦ ወለምታ የሚያቀኑ፣ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። ይህ እብጠት ግን የወጣ አጥንት አይደለም፣ የሚመለስበት ቦታም የለም። በቅቤ እያሹ በአውራ ጣት መጫን የተቆጣውን ያባብሰዋል። ልጁ ሲጮህ አይቻለሁ፣ ማግስቱንም መራመድ አቅቶት። ጭኑን ቀስ ብሎ ማሸት ይቻላል፣ ጉብታዋን ግን ማንም አይንካት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሰለጥን ተቋም ነው። ከተማችን ውስጥ ሙያው እያለ ልጁ መሠቃየት የለበትም።

6. ወደ ሙሉ ጨዋታ መመለስ

ጉብታዋን ስትጫኑ ካላመመው፣ በአንድ እግሩም ያለ ሕመም እንጣጥ ማለት ከቻለ መልሱት። መጀመሪያ ቀላል ሩጫ፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ቀጥሎ ዝላይና ምት፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ግጥሚያ። በአንድ ሳምንት ሁለት አዲስ ነገር አትጨምሩ። ለስፖርት መምህሩም ለፕሮጀክቱ አሰልጣኝም ወረቀቱን አሳዩአቸው።

ሕመሙ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ዓመትና ከዚያም በላይ እየሄደ ይመጣል። አጥንቱ ማደጉን ሲጨርስ አብዛኛው ልጅ ይድናል። ጉብታዋ ሳታም ጠንክራ ልትቀር ትችላለች፤ ለዚያ ብሎ ሕክምና መሄድ አያስፈልግም።