ሲንክሮናይዝ ከመጫናችሁ በፊት ቀስቶቹን እዩ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የጽሕፈትና የህትመት ቤት አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፦ «ፋይሌ ዲ ላይ ስላለ ችግር የለውም።» ችግርማ አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲ እና ዲ ተብለው የሚታዩት ብዙ ጊዜ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ዲ ሊተርፍ ይችላል፤ ዲስኩ ራሱ ከሞተ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ጅማ ደግሞ ዝናብና መብረቅ የሚበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህ የመጠባበቂያ ቅጂው (ባክአፑ) ከውጭ በሚሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን።

ፍላሽ ለማመላለስ ጥሩ ነው፤ አደራ ግን አይሰጠውም። አንዲት ስለ ቡና በሽታ የምታጠና ተማሪ ፍላሿን ስትሰካ ፎልደሮቿ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቋት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ዋናዎቹን ቫይረሱ ደብቋቸው ስለነበር አወጣንላት። ሁሌ እንዲህ አይገኝም።

ቅጂውን ለመሥራት እኔ የምጠቀመው ፍሪፋይልሲንክ የሚባለውን፣ ሁለት ፎልደሮችን አወዳድሮ ለውጡን የሚገለብጥ ነጻ ፕሮግራም ነው። ዎርድና ኤክሴልን መጀመሪያ ዝጉ። በግራ በኩል ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎልደር፣ በቀኝ በኩል ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ምረጡና ኮምፔር በሉት። አዲስ የገባውንና የተለወጠውን ለይቶ ያሳያችኋል። የሚገለብጠው ያንን ብቻ ስለሆነ ከኮፒ ፔስት በጣም ይፈጥናል።

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሚረር የሚለው ምርጫ ቀኙን ልክ እንደ ግራው ያደርገዋል። ጠዋት በስህተት ምዕራፍ ሦስትን አጥፍታችሁ ማታ ሚረር ካደረጋችሁ፣ ከኤክስተርናሉም ይጠፋል። አፕዴት የሚለው አያጠፋም፤ ግን የተበላሸውን ፋይል በደህናው ላይ ይጽፍበታል። መፍትሔው ቨርዥኒንግ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እሱን ምረጡና ኤክስተርናሉ ላይ ለብቻው ፎልደር ስጡት፤ ቀን የሚጽፈውን ታይም ስታምፕም ምረጡ። ከዚያ በኋላ የሚሰረዘውም የሚተካውም እዚያ ይቀመጣል። ለውጡን በሁለቱም አቅጣጫ የሚገለብጠውን ቱ ዌይን ለባክአፕ አትጠቀሙበት።

አሁን መሃል ላይ ያሉትን ቀስቶች እዩ። ሁሉም ወደ ቀኝ ማመልከት አለባቸው። ዛሬ የነካችሁት ሁለት ሦስት ፋይል ሆኖ ሳለ መቶ ፋይል ሊሰረዝ ነው ካላችሁ፣ መገልበጡን የሚያስጀምረውን ሲንክሮናይዝን አትንኩት። ወይ ፎልደር ተሳስታችኋል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ደርሷል። መጀመሪያ እሱን አጣሩ።

ዛሬ ኢ ሆኖ የመጣው ዲስክ ነገ ኤፍ ሊሆን ስለሚችል በፊደሉ አትመኑት፤ ስም ስጡት። ፕሮግራሙ ዲስኩን በስሙ መፈለግ ይችላል። ትልልቅ ቪዲዮ ያላችሁ ደግሞ የዲስኩን ፎርማት እዩ። ፋት 32 ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤንቲኤፍኤስ መቀየር ይቻላል፤ ፎርማት ሲደረግ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ አውጡት።

ሲጨርስ ኢጀክት አድርጋችሁ ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ኮምፒውተሩን የሚያገኘው መብረቅም ቫይረስም ያገኘዋል። የምትሠሩት ካምፓስ ከሆነ ዲስኩ ቤት ይደር። አልፎ አልፎ ደግሞ ከዲስኩ ላይ አንድ ሰነድ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ውረዱ፤ ሠንጠረዡም ስዕሉም በቦታው መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።