ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ የስልክ አማካሪዎችን ስታሠለጥኑ

የአዲስ አማካሪ ትልቁ ችግር ማውራት ነው። ደዋዩ "ማቆም እፈልግ ነበር፣ ግን..." ብሎ ሳይጨርስ ስለ ሳንባ ካንሰር ማስረዳት ይጀምርለታል። አጫሹ እኮ ያውቀዋል፣ ፓኮው ላይም ተጽፎለታል! ስለዚህ ሥልጠናውን ከማዳመጥ ጀምሩ፣ የኒኮቲን ትምህርቱ ይደርሳል።

ሠልጣኞቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጀርባ ለጀርባ አስቀምጧቸው፤ በስልክ ፊት አይታይማ። አንዱ ደዋይ፣ አንዱ አማካሪ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምክር መስጠት ክልክል ነው። አማካሪው መጠየቅና የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ መናገር ብቻ ይፈቀድለታል። ደዋዩ "ሥራ ሲበዛብኝ ካላጨስኩ አልችልም" ካለ፣ "ሲጋራው ትንሽ ፋታ ይሰጥዎታል ማለት ነው" ብሎ ዝም ይበል። ዝምታው ይከብዳል፣ ብዙዎቹ ቶሎ ሊሞሉት ይሞክራሉ፣ ግን ደዋዩ የልቡን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ክፍተት ላይ ነው።

ቀጥሎ የቁጥር ጥያቄን አለማምዷቸው። "ማቆም ለእርስዎ ምን ያህል አስፈላጊ ነው? ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት?" ደዋዩ 4 ካለ፣ ሠልጣኙ "ለምን 8 አላሉም?" ማለት ያምረዋል። አይበል! እንዲህ ሲጠየቅ ሰውዬው ለሲጋራው ጥብቅና ይቆማል። "ለምን 1 አላሉም?" ሲባል ግን ማቆም የፈለገበትን ምክንያት ራሱ ይዘረዝራል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ዊሊያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ያዳበሩት የምክክር ዘዴ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ለመለወጥ የሚከራከረው ደዋዩ ራሱ ይሁን።

እውቀቱ ብዙ አይደለም። ከእንቅልፉ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሱሱ ጠንከር ያለ ነው። አምሮቱ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ሲያቆም የሚመጣው ንዴትና እንቅልፍ ማጣት የሚብሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ እንደሚረዱም ይወቁ፤ ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመም ያለበትን ግን ወደ ሐኪም ይምሩ።

ደዋዩ የማቆሚያ ቀን ቆርጦ ከሆነ፣ መልሶ የሚደወልበትን ሰዓት ሳይስማሙ ስልኩን አይዝጉ። ደዋዩን መጠበቅ የለም፣ የሚደውለው አማካሪው ነው፣ በተለይ ብዙ ሰው በሚያገረሽበት በመጀመሪያው ሳምንት። "አጨስኩ" ካለው "ምነው!" አይበል፤ "የት ነበሩ? ከማን ጋር?" ብሎ ይጠይቅ። ይህን ደጋግማችሁ አለማምዱ፣ ምክንያቱም ድምፅ ላይ የምትሰማ ትንሽ ቅሬታ ሰውዬውን ሁለተኛ ስልክ እንዳያነሳ ታደርገዋለች።

በመጨረሻ፣ ደዋዩ ከፈቀደ ጥሪውን ቅዱና ሠልጣኙ ራሱን ያድምጥ። ማን ይበልጥ አወራ? ስህተቱን ሁሉ አትደርድሩበት፣ ለሚቀጥለው ጥሪ የሚያስተካክለውን አንድ ነገር ብቻ ራሱ ይምረጥ።