ከእምቦጭ አገዳ ለነዳጅ ሴል ፕላቲነም ተሸካሚ ካርቦን አዘገጃጀት

ነዳጅ ሴል፣ ማለትም ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ፣ ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥንለት ፕላቲነም ነው። ፕላቲነም ውድ ስለሆነ በሴሉ ውስጥ ከ2 እስከ 5 ናኖ ሜትር በሚደርሱ ቅንጣቶች ተከፋፍሎ፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ካርቦን ላይ ይበተናል። ይህን ተሸካሚ ካርቦን ከጣና ዳር ከሚታጨደው እምቦጭ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሥራው ግን ጋዝ ማስወጫ ባለው ቤተ ሙከራ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ የሚሠራ ነው።

እምቦጩን ከውሃው እንዳወጡ ሥሩን ቆርጠው ይለዩ። ጥቁርና ጸጉራም የሆነው ሥር ደለል ይዞ ይወጣል፤ ከባድ ብረቶችንም ይበልጥ የሚያከማቸው እርሱ ነው። የሚፈለገው አገዳው ሲሆን፣ ቢሰነጥቁት ውስጡን እንደ ስፖንጅ አየር የሞላው ሆኖ ያገኙታል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ 10 ኪሎ እርጥብ አገዳ ደርቆ አንድ ኪሎ አይሞላም። ቁራጩ ዳግም ስለሚበቅል፣ ሲያጓጉዙ ወደ ሌላ ውሃ እንዳይገባ አደራ።

በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርቀው ከፈጩ በኋላ በናይትሮጅን ውስጥ በ500 ዲግሪ ያክስሉት። ከሰሉን ከእኩል ክብደት ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ቀላቅለው፣ በኒኬል ዕቃ አድርገው፣ እንደገና በናይትሮጅን ውስጥ 700 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ከሰሉን የሚቦረቡረው ይህ ነው። ሃይድሮክሳይዱን ማብዛት የካርቦኑን የገጽ ስፋት ይጨምራል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱም ከ2 ናኖ ሜትር የሚጠብቡ ቀዳዳዎች ፕላቲነሙን ውጠው በሴሉ ውስጥ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) አስተላላፊው ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰሉ ቁስ፣ እንዳይደርስበት ያደርጋሉ፤ እጅግ የተቦረቦረ ካርቦንም ሴሉ ሲነሣና ሲጠፋ በሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቶሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ያልቃል። በነዳጅ ሴል በሰፊው የሚሠራበት ቩልካን ኤክስሲ-72 የተባለው የፋብሪካ ካርቦን እንኳ የገጽ ስፋቱ በግራም 250 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

መብራት ቢጠፋም ናይትሮጅኑን አይዝጉ፤ እቶኑ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝም አይክፈቱ። በዚህ ሙቀት ንጥረ ነገሩ ፖታሺየም ራሱ (ብረታዊ ፖታሺየም) ሊፈጠር ይችላል፤ እርሱም አየር ወይም ውሃ ሲያገኘው ይቀጣጠላል።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው እጥበቱ ነው። በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ80 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት እያማሰሉ ይጠቡት። አሲዱ በተለይ ብረትን (አይረንን) ማስወገድ አለበት፤ የቀረ አይረን የሴሉን ሜምብሬን፣ ማለትም ሁለቱን ወገኖች የሚለየውን ስስ ገለፈት፣ የሚበሉ ራዲካሎችን (በቀላሉ ከሌላ ጋር የሚዋሐዱ ቅንጣቶችን) ያፈራል። ቀጥሎ በተጣራ ውሃ ያለቅልቁት። ከአሲዱ የሚቀረው ክሎራይድ ፕላቲነምን ስለሚመርዝ (ሥራውን ስለሚያደክም)፣ በየእጥበቱ ከወረደው ውሃ ጥቂት ወስደው ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ያድርጉበት፦ እንደ አጓት ከነጣ ይድገሙ፤ ጥርት ብሎ ከቀረ ካርቦኑን አድርቀው ክዳን ባለው ጠርሙስ ያስቀምጡት።