በጊልጋመሽ ግጥም ውስጥ ዘይቤዎችን እንዴት እንለያለን?

የጊልጋመሽን ግጥም የጀመረ አንባቢ አንድ ቦታ ላይ መሰላቸቱ አይቀርም። «ይህን አሁን አንብቤው አልነበረም?» ይላል። አንብቦታል፤ ያውም ቃል በቃል። ይህ የጥንታዊት ሜሶፖታሚያ ግጥም የኡሩክን ንጉሥ የጊልጋመሽንና የወዳጁን የኤንኪዱን ታሪክ በአካድኛ ይተርካል። ዛሬ በብዛት የሚተረጎመው ቅጂ በ12 የሸክላ ጽላቶች የተከፈለ ነው። የዘይቤ ስሞችን ዝርዝር ይዞ ግጥሙን ከመበርበር ይልቅ ከሚያሰለቸው ድግግሞሽ መነሳት ይሻላል።

1. መጀመሪያ ያለ እርሳስ አንብቡ። የዝግባ ደን ጠባቂው ሁምባባ፣ የሰማይ በሬ፣ የኤንኪዱ ሞት፣ የጥፋት ውሃ፣ እባቡ፤ የታሪኩ ቅደም ተከተል ከተያዘ ይበቃል።

2. የተደጋገመውን አስምሩበት፤ ከዚያ ምን እንደ ተለወጠ ጠይቁ። «ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት» የሚለውን ተከተሉ። ከአራዊት ጋር በዱር ይኖር የነበረው ኤንኪዱ ሻምሃት ከምትባል ሴት ጋር የሚቆየው ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ የዱር አራዊት ይሸሹታል፣ እሱም ወደ ሰው ዓለም ይገባል። ጊልጋመሽ በወዳጁ ሬሳ ላይ የሚያለቅሰው ይህንኑ ያህል፣ ማዕበሉ የሚወርደው ይህንኑ ያህል፣ በመጨረሻም ጊልጋመሽ እንቅልፍን እንዲቋቋም የሚፈተነው ይህንኑ ያህል ነው። ቁጥሩ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ከነበረበት ወደ ሌላ ሕይወት ይሻገራል። በአራተኛው ላይ ግን ጊልጋመሽ መሻገር ያቅተዋል።

ሌላም አለ። የመጠጥ ቤት ባለቤቷ ሲዱሪ፣ ጀልባ ቀዛፊው ኡርሻናቢና ከጥፋት ውሃ የተረፈው ኡትናፒሽቲም፣ ሦስቱም ጊልጋመሽን ጉንጩ ለምን እንደ ጎደጎደ ይጠይቁታል። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ወዳጁ ሞቷል፤ ትል ከአፍንጫው እስኪወድቅ ድረስ እንዲቀበር አልፈቀደም። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ሦስተኛውን ይዘለዋል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሐዘንተኛ ለገባ ሁሉ የሟቹን የመጨረሻ ሰዓት እንደ አዲስ እንደሚተርክ፣ ጊልጋመሽም ሌላ የሚናገረው ነገር የለውም። እዚህ ላይ ድግግሞሹ ራሱ ሐዘኑ ነው።

3. መስመሮቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አንብቡ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ ቃል ይመልሰዋል ወይም ያጠነክረዋል። መዝሙረ ዳዊት የደገመ ሰው ይህን አካሄድ በጆሮው ያውቀዋል። ቤት መምታትን ግን አትፈልጉ፤ የአካድኛ ግጥም በዚያ ላይ አልተመሠረተም።

4. ንጽጽሩ ከየት እንደ ተወሰደ እዩ። ተነጻጻሪ ዘይቤን «እንደ» ያጋልጠዋል፤ ጊልጋመሽ ደቦሎቿን እንዳጣች አንበሳ ይንጎራደዳል፣ የኤንኪዱንም ፊት እንደ ሙሽራ ይሸፍናል። ተለዋጭ ዘይቤ የበዛው በ6ኛው ጽላት ነው። የፍቅር አምላክ የሆነችው ኢሽታር ጊልጋመሽን አግባኝ ስትለው ነፋስ የማይከለክል በር፣ ተሸካሚውን የሚያረጥብ የውሃ አቁማዳ፣ የባለቤቱን እግር የሚነክስ ጫማ ይላታል። ሁሉም ሰውን ሊያገለግሉ የተሠሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ሁሉም ባለቤታቸውን ይከዳሉ። ስድቡ የሚያመው ለዚህ ነው። በ7ኛው ጽላት ደግሞ ሊሞት የተቃረበው ኤንኪዱ ከዝግባ የሠራውን በር እንደ ሰው እያናገረ ይረግመዋል፤ በትምህርት ቤት እንቶኔ ብለን የተማርነው ይህን ነው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የዝንቦቹን ነገር ነው። በ11ኛው ጽላት አማልክቱ ኡትናፒሽቲም ከጥፋት ውሃው በኋላ ባቀረበው መሥዋዕት ዙሪያ እንደ ዝንብ ይሰበሰባሉ። ጥቂት መስመሮች ወረድ ብሎ እናት አምላኳ የዝንብ ቅርጽ ያለበትን ጌጥ አንስታ እነዚያን ቀኖች እንደማትረሳ ትምላለች። መሳለቂያ የነበረው ንጽጽር የመታሰቢያ ተምሳሌት ሆነ። ስለዚህ አንድን ንጽጽር ካገኛችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ገጽ ተከተሉት።

5. ምጸትን ለመያዝ የሰውየውን ንግግር በአጠገቡ ካለው ዕቃ ጋር አስተያዩ። ሞትን ሊያሸንፍ የመጣው ጊልጋመሽ ገና ሲቀመጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። የኡትናፒሽቲም ሚስት በየቀኑ አንድ ዳቦ ጋግራ አጠገቡ ታስቀምጣለች። ሲቀሰቅሱት ገና አሁን ሸለብ እንዳደረገው ይናገራል፤ የመጀመሪያው ዳቦ ግን ደርቋል፣ ሰባተኛው ፍም ላይ ነው። ገጣሚው አንድም የፍርድ ቃል አልጨመረም።

6. መግቢያውን ከ11ኛው ጽላት መጨረሻ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የኡሩክን ቅጥር ውጡና ተመልከቱ የሚለው ግብዣ በሁለቱም ቦታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የተለወጠው ተናጋሪው ነው፤ መጀመሪያ ተራኪው ለአንባቢ ይለዋል፣ በኋላ ባዶ እጁን የተመለሰው ጊልጋመሽ ለኡርሻናቢ ይለዋል። 12ኛው ጽላት ከዚህ ታሪክ ጋር ስለማይገጥም ለዚህ ንጽጽር አያስፈልግም።

7. በትርጉሙ ውስጥ ነጠብጣብ ወይም ቅንፍ ስታዩ የገጣሚው ዝምታ አድርጋችሁ አትተንትኑት። እዚያ ላይ ጽላቱ ተሰብሯል፤ በቅንፍ ውስጥ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ የምሁራን ግምት ነው።