አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቅ የሚል የላይሰንስ ማስጠንቀቂያ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ»፣ «ላይሰንስዎ ሊያበቃ ነው» ወይም «ይህ ኮፒ ትክክለኛ አይደለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው ወይ መስኮቱን እየዘጋ ሥራውን ይቀጥላል፣ ወይ ሱቅ ወስዶ ክራክ ያስደርጋል፤ ማለትም ያለ ፈቃድ በማታለያ ፕሮግራም ያስነቃዋል። በሁለቱም መንገድ መንስኤው ሳይነካ ይቀራል። መልእክቶቹ ቢመሳሰሉም አንዱ በእርግጥ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሌላው የተሳሳተ ሰዓት ያመጣው ነው፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ የአጭበርባሪ ማስታወቂያ ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ ወይም ፎርማት ከማድረግዎ በፊት መልእክቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ።

ምልክት፦ ኦፊሱም፣ አንቲቫይረሱም፣ ዊንዶውሱም በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ጀመሩ

ይህ ከሆነ ስለ ላይሰንስ ከማሰብዎ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ። ፕሮግራሞች ፈቃዳቸውን የሚያረጋግጡት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ባለው ሰርተፊኬት ነው። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ትክክለኛው ፈቃድ ራሱ ውድቅ ይደረጋል። ድረ ገጾችም «ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ማለት ይጀምራሉ።

የተለመደው መንስኤ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ማለቋ ነው። ለማረጋገጥ ቀኑን ያስተካክሉ፤ ኮምፒውተሩን ያጥፉና ከመብራት ነቅለው ያሳድሩት። ጠዋት ሲከፍቱት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኙት ባትሪዋ አልቃለች። አብዛኞቹ ዴስክቶፖች የሚወስዱት ሲ አር 2032 የተባለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ያው ባትሪ በሁለት ቀጭን ሽቦና በትንሽ ሶኬት ይያያዛል፤ ስለዚህ ሽቦ ያለውን ይግዙ።

ከመቀየርዎ በፊት ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብተው የሳታ ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ፣ በምን ላይ እንደተቀመጠ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ባትሪዋ ስትወጣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። አሮጌ ማሽኖች ላይ ሳታ ሞዱ ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ሲቀየር ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን መነሳት ያቅተዋል። ሃርድ ዲስክ ተበላሸ እየተባለ በከንቱ ፎርማት የሚደረገው ብዙ ኮምፒውተር ችግሩ ይህ ብቻ ነው። ከዚያ ገመዱን ይንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ዋናውን ባትሪም ያላቅቁ። የማብሪያውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫኑና አዲሷን ባትሪ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ።

እኛ ጋ ብቻ የሚያጋጥም ሌላ መንስኤም አለ። ቀኑን በእጅ የሚያስገባ ሰው ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓትን 2፡00 ብሎ ማስገባት ኮምፒውተሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ የሰዓት ቀጠናው በዚያው በአሜሪካ ይቀራል። ባለቤቱ ሰዓቱን በእጅ ሲያስተካክለው ስክሪኑ ላይ ልክ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያሰላው ዓለም አቀፍ ሰዓት ግን በ7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የተዛባ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ይግቡና የሰዓት ቀጠናውን «ናይሮቢ» ያድርጉት። አዲስ አበባ ለብቻዋ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ የናይሮቢ ሰዓት የእኛው ነው፣ ፕላስ 3። ከዚያ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚለውን ማብሪያ ያብሩ።

ምልክት፦ በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ

ፋይልዎ አይጠፋም፤ ዊንዶውስ 10 ሳይነቃም ይሠራል። የሚከለክልዎት የጀርባ ምስልንና ቀለምን መቀየር የመሰሉ ነገሮችን ነው። ስለዚህ አይጣደፉ፤ የትኛው ዓይነት ላይሰንስ እንደተጫነ ይወቁ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር አብረው ይጫኑ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚሉትን ፊደላት አያይዘው ይጻፉ፤ አንድ ባዶ ቦታ ይተዉና ወደ ፊት ያዘነበለውን ሰረዝ፣ ቀጥሎም ዲ፣ ኤል፣ አይ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ትንሽ መስኮት ይመጣል። «ዲስክሪፕሽን» በሚለው መስመር መጨረሻ አካባቢ የተጻፈው ቃል ነው ዋናው።

«ኦኢኤም» ካለ ፈቃዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው፤ ከማዘርቦርዱም አይለይም። ሃርድ ዲስክ ወይም ራም መቀየር አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፤ ማዘርቦርድ ከተቀየረ ግን ያበቃል። «ሪቴል» ካለ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተገዛ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል። «ታይምቤዝድ ኢቫል» ካለ ለሙከራ የተሰጠ የ90 ቀን ስሪት ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል፤ ያለ ፎርማት የሚወጡበት መንገድም የለም።

«ቮልዩም ኬኤምኤስ ክላየንት» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኛ ዘንድ ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ይህ ፈቃድ ለድርጅቶች የሚሰጥ ነው። ኮምፒውተሩ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ለ180 ቀን ይፈቀድለታል፤ በየ7 ቀኑ ለማደስ ይሞክራል። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት ተወግዶ ሲሸጥ የመጣ ላፕቶፕ ያንን ሰርቨር ዳግም አያገኘውም፤ ስለዚህ ቀኑ ሲያልቅ ማስጠንቀቂያው ይጀምራል። የስህተት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዜሮ ኤክስ ሲ004ኤፍ074 ነው፤ ትርጉሙም ሰርቨሩ አልተገኘም ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ክራክም አብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የውሸት ሰርቨር ይተክላል፤ በየጊዜው የሚያድስ የተደበቀ ትእዛዝም ያስቀምጣል። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው ዲፌንደር «ሃክቱል» ብሎ ሲያጠፋው አዳሹ ይሞታል። ከዚያም «አክቲቬት ተደርጎልኝ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሰ» የሚባለው ይመጣል። ስድስት ወሩ ያ 180 ቀን ነው። ለዚህ ሲባል አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል ፕሮግራም ምን እንደሚጭን ደግሞ ማንም ዋስትና አይሰጥዎትም። ባንክ የሚገቡበት፣ የደንበኛ ሰነድ የሚያስቀምጡበት ኮምፒውተር ላይ ይህን መታገስ አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የራሱ ፈቃድ ይኖረው እንደሆነ ይዩ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ማሽኖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፏል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የስሪት አለመጣጣም ነው፤ ማሽኑ የሆም ፈቃድ እያለው ፎርማት ያደረገው ባለሙያ ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ጫነበት። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የሚወርደውን መጫኛ ያዘጋጁና ትክክለኛውን ስሪት እንደ አዲስ ይጫኑ። ቁልፉን ከማዘርቦርዱ ራሱ ያነባል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ያለ ጥያቄ ይነቃል። ከፕሮ ወደ ሆም ሳይጭኑ መመለስ አይቻልም።

ከኮምፒውተሩ ታች ወይም ከባትሪው ሥር ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ተለጣፊ ካለ የዊንዶውስ 7 ዘመን ማሽን ነው። በእነዚህ ቁልፎች ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ ማንቃት በፈረንጆች አቆጣጠር ከመስከረም 2023 ጀምሮ ተዘግቷል። ከዚያ በፊት በዚያው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10 ነቅቶ ከነበረ ግን ፈቃዱ ማይክሮሶፍት ዘንድ ተመዝግቧል፤ ያንኑ ስሪት ቢጭኑ ይነቃል።

ትክክለኛ ቁልፍ ይዘው እምቢ ካለዎት ያለፈው ክራክ የተወውን ቅሪት ያጽዱ። ቀደም ሲል የጻፉትን ትእዛዝ ይድገሙ፤ ካዘነበለው ሰረዝ ቀጥሎ ግን ሲ፣ ኬ፣ ኤም፣ ኤስ ያስገቡ፤ የውሸት ሰርቨሩን አድራሻ ይሰርዛል። ይህን ግን በሳጥኑ ፋንታ የአስተዳዳሪ መብት ባለው ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ላይ ይጻፉት፤ አለዚያ አይፈቅድም። ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚያይበት ሆስትስ የተባለው ፋይል ውስጥም የማይክሮሶፍት አድራሻዎች ታግደው እንደሆነ ይመልከቱ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ደግሞ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን፣ ማለትም ዲፌንደር እንዳይፈትሻቸው የተተዉትን ዝርዝር፣ ይክፈቱ። እርስዎ ያላስገቡት ፎልደር ካለ ያስወጡትና ኦፍላይን ስካን (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚደረግ ፍተሻ) ያስደርጉ፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በጣም በርካሽ የሚሸጡ ቁልፎችን አንመክርም፤ ብዙዎቹ ከድርጅት የወጡ ናቸው። ሲታገዱ ዜሮ ኤክስ ሲ004ሲ003 የሚል ቁጥር ይመጣል፤ ገንዘብዎ ደግሞ አይመለስም።

ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ሰነድ ብቻ ሳይሆን ፎንትም ይቅዱ። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ገብተው የሚጠቀሙባቸውን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ኒያላ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ በነባሪ አይመጣም፤ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ሲጭኑ ይመለሳል።

ምልክት፦ ዎርድ ወይም ኤክሴል ላይ ቀይ መስመር፣ «ያልተፈቀደ ምርት»

አዲስ ሲገዛ የነበረው የአንድ ወር የኦፊስ ሙከራ ሳይወገድ በላዩ ሌላ ኦፊስ ተጭኖ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚጮኸው። «አፕስ» ውስጥ ገብተው ሁሉንም የኦፊስ ስሞች ይዩ፤ የማይጠቀሙበትን አውጥተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ። ከዚያ ዎርድ ውስጥ ፋይል፣ አካውንት ገብተው በየትኛው ኢሜይል እንደገባ ያረጋግጡ፤ ፈቃዱ የተገዛው በሌላ ኢሜይል ከሆነ ማስጠንቀቂያው አይጠፋም። ፈቃድ ጨርሶ ከሌለዎት ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፣ አማርኛም በደንብ ይጽፋል። የተወሳሰበ ሠንጠረዥ ያለበት ሰነድ ግን ቦታው ሊዛነፍ ስለሚችል ከመላክዎ በፊት ፒዲኤፍ ያድርጉት።

የፋይል መጭመቂያው ዊንራር ከ40 ቀን ሙከራ በኋላ በከፈቱት ቁጥር ይጠይቅዎታል። አውጡትና ሰቨን ዚፕን ይጫኑ፤ ነጻ ነው፣ የራር ፋይልም ይፈታል።

ምልክት፦ «የአንቲቫይረስ ምዝገባዎ አልቋል»

ይህ መልእክት ከሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊመጣ ይችላል። ማካፊ ወይም ኖርተን በእርግጥ ተጭኖ ጊዜው ካለፈበት ያውጡት። እሱ እስካለ ድረስ የዊንዶውስ ዲፌንደር ቦታውን ላይዝ ይችላል፤ ሲወጣ ግን በራሱ ይነሳል፣ ለተራ ተጠቃሚም ይበቃል።

በ«አፕስ» ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ አንቲቫይረስ ከሌለ፣ መልእክቱም ግርጌው ላይ የክሮም ስም ወይም የማያውቁት ድረ ገጽ አድራሻ ካለው፣ የሚናገረው ብሮውዘርዎ ነው። አንድ ቀን «አላው» የሚለውን ተጭነዋል ማለት ነው። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ይግቡና የማያውቋቸውን አድራሻዎች ሁሉ ያስወግዱ። ስክሪኑን ሞልቶ እየጮኸ «በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ከሆነ አይደውሉ፤ የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት የስልክ ቁጥር አይጽፍም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ፤ ከዝርዝሩ ብሮውዘሩን መርጠው «ኤንድ ታስክ» ይበሉ። ሲከፍቱት የቀድሞ ገጾችን ልመልስ ቢል እምቢ ይበሉት።

ምልክት፦ «የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል»

ይህ የላይሰንስ ችግር አይደለም፤ ክራክም ቁልፍም አያስወግደውም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 14፣ 2020፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14፣ 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር ቆሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የሚቆመው የደህንነት ማሻሻያው ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ እና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በፊት ያሉት አብዛኞቹ ማሽኖች ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ለእነዚህ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንት በ4 ጊጋባይት ራም ጥሩ ይሄዳል፤ የማንቂያ ቁልፍ የሚባል ነገርም የለውም። መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ ሳይጭኑ አስነስተው ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ይሞክሩ፤ አንዱ ካልሠራ ዲስኩን ሳይነኩ ፍላሹን ነቅለው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።