ከካርቶን እስከ መደርደሪያ፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ስብስቡን እንዴት ይመርጣል፣ እንዴትስ ይጠብቃል?

አንድ ፕሮፌሰር ጡረታ ሲወጣ ወይም አንድ ትምህርት ክፍል ሕንጻ ሲቀይር ካርቶኖቹ ወደ ቤተ መዛግብቱ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ "አሮጌ ነው፣ ለእናንተ ይሆናል" ተብለው ነው የሚመጡት። እድሜ ብቻውን ግን ለመመረጥ አይበቃም። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ብዙ ስብስብ የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው።

1. የምትሰበስቡትን አስቀድማችሁ ጻፉ

አንድ ሁለት ገጽ ይበቃል። ምን እንቀበላለን፣ ምን አንቀበልም፣ ውሳኔው የማን ነው። ይህ ወረቀት ከሌለ ካርቶን አስይዞ በር ላይ ለቆመ የተከበረ ምሁር "አይሆንም" ማለት በጣም ይከብዳል።

2. ምረጡ፣ አስፈርሙ

የሴኔት ቃለ ጉባኤ፣ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ሰነድ፣ የምርምር ማስታወሻ፣ የደብዳቤ ልውውጥ ለዘለቄታው ይቀመጣሉ። ደረሰኝና የዕቃ መጠየቂያ ሕግ የሚጠይቀው ጊዜ ሲያበቃ ይወገዳል። የታተመ መጽሐፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። በመጨረሻ የሚቀረው ከመጣው ትንሹ ነው፣ አትደንግጡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአስተዳደሩ ወረቀት በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ የተማሪው ግን አይመጣም። የክበባት ቃለ ጉባኤ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ተማሪዎች ራሳቸው ያባዙት መጽሔት ሄዳችሁ ካልጠየቃችሁ ይጣላል። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ታሪክ የስብሰባ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የስጦታ ውል ሳይፈረም አንድም ካርቶን አይግባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ሰጪው የተጻፈለትን ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ የጽሑፉ የቅጂ መብት ግን በአብዛኛው የጻፈው ሰው ነው። የተማሪ ውጤት ወይም የሕክምና ማስረጃ ካለበት ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይም እዚያው ይጻፍ።

3. ካርቶኑን ስትከፍቱ አታስተካክሉ

ካርቶን የከፈተ ሰው ሁሉ እጁ ለማስተካከል ይጣደፋል። ደብዳቤ ከደብዳቤ፣ ፎቶ ከፎቶ፣ ሪፖርት ከሪፖርት። ሲያዩት ያምራል። ግን አንድ ማህደር ውስጥ የበጀት ጥያቄ፣ የእምቢታ መልስ፣ ተጀምሮ የቆመ ግንባታ ፎቶና በእርሳስ የተጫረ ሒሳብ አብረው ነበሩ እንበል። አራቱ ሲለያዩ ፎቶው "ያልታወቀ ሕንጻ" ይባላል፣ ሒሳቡም የምን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። አንድም ወረቀት ሳይጠፋ ታሪኩ ጠፋ ማለት ነው። መልሶ ለመግጠም ደግሞ ምንም ፍንጭ አይኖርም።

ሁለት የቆዩ ደንቦች የመጡት ከዚህ ነው። አንደኛ፣ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቢሮ ወረቀት ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ይህን የፈረንሳይ መንግሥት በ1841 እ.ኤ.አ. በመመሪያ አውጥቶታል። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ የደረደረበት ቅደም ተከተል እንዳለ ይጠበቃል። ይሄኛው በ1881 እ.ኤ.አ. በርሊን በሚገኘው የፕሩሺያ ቤተ መዛግብት ደንብ ሆኗል።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ካርቶን ፎቶ አንሱ፣ ቁጥር ስጡት፣ የማህደሮቹን ርዕስ እንዳለ ገልብጡ። "ልዩ ልዩ" ቢልም ተዉት። ትልቅ ካርታ ወይም ፎቶ ለብቻው መቀመጥ ካለበት ይውጣ፣ በቦታው ግን የት እንደሄደ የሚናገር ወረቀት ይግባ። በእውነት ቅደም ተከተል የሌለው ክምርም ያጋጥማል። ያኔ ራሳችሁ ትደረድራላችሁ፣ ድርደራው የእናንተ መሆኑንም ትጽፋላችሁ። እዚያ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ግን ሁሉንም ካርቶን እዩ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዝብርቅርቅ ብሎ አራተኛው ላይ ስትደርሱ የሰውየው አሠራር ቁልጭ ብሎ ሊታያችሁ ይችላል።

4. ወረቀቱን ጠብቁ

ላስቲክና የዛገ አግራፍ ይውጣ። ስኮች የተለጠፈበትን ግን አትላጡ፣ ወረቀቱን ይዞት ይነሳል። የተቀደደውንም በስኮች አትጠግኑ። ጋዜጣ አሲድ ስላለው አጠገቡ ያለውን ወረቀት ቡናማ ያደርገዋል፣ ለይታችሁ አስቀምጡት። ገንዘብ ካላችሁ ውድ ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት አሲድ የሌለው ማህደርና ሳጥን ግዙ ባይ ነኝ።

ነጭ የጥጥ ጓንት ለወረቀት አልደግፍም። ጣት ስሜቱን ያጣና የገጹን ጠርዝ ይቀድዳል። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። ለፎቶና ለፊልም የናይትራይል (ከሰው ሠራሽ ላስቲክ የሚሠራ ስስ) ጓንት አድርጉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም ካገኛችሁ መፈራረስ ጀምሯል፣ ቶሎ ከሌሎቹ ለዩት።

ክፍሉ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ቁጥሩን በትክክል ከመምታት ይልቅ ከፍ ዝቅ እንዳይል መጠበቁ ይበልጣል። እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይመጣል። ውሃ ከገባ ያላችሁ ጊዜ 48 ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ማድረቅ ካልቻላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

5. ፋይሎቹንም

ፍላሽ ላይ የመጣ ነገር ፍላሽ ላይ አይቆይ። ቢያንስ 3 ቅጂ ይኑር፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ ከሕንጻው ውጭ። ቼክሰም መዝግቡ፣ ኮምፒውተር ከፋይሉ ይዘት አስልቶ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንድ ፊደል ቢቀየር ቁጥሩ ስለሚለወጥ፣ ደግማችሁ ስታሰሉት ብልሽቱ ይታወቃል።

6. ዝርዝሩን አውጡ

በየማህደሩ ዘርዝሩ፣ በየወረቀቱ አትዝለቁ። አንዱን ስብስብ ፊደል በፊደል እየዘረዘራችሁ ስትቆዩ ሌሎቹ ማንም ሳያያቸው ይከርማሉ። ባለቤቱ ማን ነበር፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ ስንት ሳጥን፣ የቱ ዝግ ነው። ያስወገዳችሁትንም ጻፉ፤ ተመራማሪው የጎደለው ማህደር ድሮም ያልነበረ ይሁን እናንተ ያወጣችሁት የሚያውቀው ከዚህ ዝርዝር ብቻ ነው።